ሶደሬ ይዞት ገባ

ሰሞኑን ከአዳማ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሜ አይውጣ ብሏል፤ አላወጣም።

እቁብ ወጣለት። ብሩ ለጥሎሽና ለቤት ኪራይ እንዲሆን ከእጮኛው ጋር ተስማምተው ነበር። እሱ ግን ሳይነግራት ሳምሰንግ ኤስ24 አልትራ ገዛበት። «እሷንም በጥሩ ካሜራ ላነሳት ብዬ ነው» ይላል። (አይ ምክንያት!) ሻጩ «ውሃ አይፈራም» ስላለው፣ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ሶደሬ ወርዶ ከነስልኩ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ዘሎ ገባ። ማታ ስክሪኑ ጨለመ። «አሁን ምን ልበላት?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ስልኩስ መጥፎ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ሲወጣ ባለ 200 ሜጋፒክስል ካሜራና ከሆዱ የሚመዘዝ ብዕር ይዞ ነው የመጣው። የሰባት ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያም ቃል ተገብቶለታል፤ እኔን ብትጠይቀኝ ከካሜራው ይልቅ ዋጋ ያለው ይሄ ነው። ሜሞሪ ካርድ ግን አይቀበልም። ለቴሌግራምና ለቴሌብር ብቻ ከሆነ ደግሞ በብዙ የረከሰ ስልክም ይበቃህ ነበር።

«ውሃ አይፈራም» የሚባለው አይፒ68 የሚሉት ደረጃ ነው። እሱም ልክ አለው፤ ንጹሕ ውሃ፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ 30 ደቂቃ፣ ያውም ሳይንቀሳቀስ። የሶደሬ ውሃ ከመሬት ሥር ሞቆ የሚወጣ፣ ማዕድን ያለበት ነው። ሙቀት ደግሞ ስልኩን የዘጋውን ሙጫና ጎማ ያላላል። አንተ በዚያ ላይ ዘለህበታል! የአዳማ ፀሐይም ለባትሪ ጠላት ነው፤ ባጃጅ ላይ ፊት ለፊት የምትሰቅሉት ልብ በሉ።

አሁን ቻርጀር አትሰካበት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩንም ተወው፣ ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ጥገና ቤት ወስደህ ከፍተው ያድርቁት፤ ዋጋውን ቀድመህ ተነጋገር።

ለእሷ ግን ስልኩ እስኪሠራ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ንገራት። ከጓደኞችህ አፍ ብትሰማው ነው የሚብሰው። ስለ ካሜራው የጻፍክልኝን እንዳትደግምላት፤ ብሩ የሁለታችሁ ነበር፣ ሳልጠይቅሽ አጠፋሁት በላት። የእቁቡን መዋጮ ገና እየከፈልክ ነው ብለሃል፤ ስንት ሳምንት እንደቀረህም አብረህ ንገራት።