ስልክ ከሌለ ጨዋታ የለም?

ባለፈው ዓመት አምስት የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ የሚሆን የሰሌዳ ጨዋታ ሠርተው ነበር። ጨዋታው ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ነው። ተጫዋቾች ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ሬዚስተር የተሳሉባቸውን ካርዶች በየተራ እየደረደሩ አምፖላቸውን ቀድመው ለማብራት ይፎካከራሉ። ሐሳቡ ግሩም፣ ሥዕሉም ያማረ ነበር። ሆኖም በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ምልክት ታትሞበታል፤ አምፖሉ በራ ወይስ አልበራም የሚለውን ፍርድ የሚሰጠውም ተማሪዎቹ ያዘጋጁት፣ በተለምዶ አፕ የምንለው የስልክ ፕሮግራም ነበር። ያለ እርሱ ጨዋታው አንድ እርምጃ አይራመድም።

ለሙከራ ወደ ጋይንት አቅጣጫ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አብረናቸው ተጓዝን። ፕሮግራሙ የተጫነባቸው ስልኮች ሁለት ብቻ ስለነበሩ ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ሲታዩ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ እንጂ የሚጫወቱ አይመስሉም ነበር። አንዲት ተማሪ የደረደረችው ዑደት በስልኩ «ስሕተት» ተባለ። ልጅቷም «መምህር፣ ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየናቸው፤ ምንም ስሕተት አልነበረባቸውም። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ደግሞ በዕለቱ አብሮን አልመጣም። ልጅቷ የእኛን ቃል ከሰማች በኋላም ካርዶቿን ሰብስባ እንደገና መደርደር ጀመረች። ከመምህሩም ከገዛ ዓይኗም ይልቅ ስልኩን አመነች። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው ስልክ ባትሪ አለቀ፤ ከኋላ የነበሩት ልጆች ሰሌዳውን ገልብጠው በጀርባው 64 ቤት አሰመሩና በቆርኪ ዳማ ጀመሩ። ልንቆጣቸው ይገባ ነበር፤ አልተቆጣንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማሪዎቹ ጋር የምንከራከርበት ጥያቄ በሌላውም ዓለም የሚነሣ ነው። ለመሆኑ አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ያለ ስልክ ወይም ያለ ኮምፒዩተር የማይሠራ ሆኖ ሊዘጋጅ ይገባዋልን? እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው «ኤክስኮም» የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ያለ ስልክ ፕሮግራም ፈጽሞ አይጫወቱትም፤ ጠላት የሚዘምትበትን ቦታ የሚነግረውም፣ ሰዓት እየቆጠረ ተጫዋቾችን የሚያጣድፈውም ፕሮግራሙ ነው። በ2016 የወጣው የ«ማንሽንስ ኦቭ ማድነስ» ሁለተኛ እትምም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው እትም የጨዋታው መሪ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር፤ በሁለተኛው ሰውዬው ተነሥቶ በወንበሩ ስልክ ተቀመጠበት። ለትምህርት ውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት እንዲህ ባለ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ወዳጆች አይተናል፤ አራቱም አንገታቸውን ወደ አንዲት ትንሽ መስታወት አቀርቅረው ነበር።

እኛ «አይገባም» ከሚሉት ወገን ነን። ይህን የምንለው የጥንቱን በመናፈቅ አይደለም፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከተሠራባት ከጋፋት አጠገብ ተቀምጦ ማሽንን መጥላት አያምርም። ምክንያታችንን የምናገኘው ከፊዚክስ ነው፤ ለማስረዳት የሚቀናን ደግሞ ሁላችንም በልጅነታችን አፈር ቆፍረን የተጫወትነው ገበጣ ነው።

በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር ቢደረግ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይሆናል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያሉትን አፍሶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያለ ያድላል። ጠጠሮቹ ቦታ ይለውጣሉ፣ ባለቤት ይለውጣሉ፤ በሰሌዳው ላይ የቀሩትና ሁለቱ ተጫዋቾች የሰበሰቧቸው ሲደመሩ ግን ጨዋታው ሲጀመርም፣ ሲጋመስም፣ ሲያልቅም 48 ናቸው። አንዱ ቢጎድል «ማን ደበቀው?» ይባላል እንጂ እንዲያው ጠፋ ተብሎ አይታለፍም። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለው ሕግ በተግባር የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። በቤታ ፍርሰት ጊዜ ከአቶም አስኳል የሚወጣው ኤሌክትሮን ይዞ መውጣት ከሚገባው ኢነርጂ ከፊሉ ጎድሎ መገኘቱ ሊቃውንቱን አስጨንቆ ነበር። ቮልፍጋንግ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 «የጎደለውን የወሰደ ያላየነው ቅንጣት መኖር አለበት» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ቅንጣቱም፣ ኒውትሪኖ የምንለው፣ በ1956 በሙከራ መገኘቱ ታወቀ። ጠጠር የጎደለበት የገበጣ ተጫዋች ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ፓውሊ ይህን ለማለት የደፈረው ሒሳቡ ማንም ሊቆጥረው በሚችል መልኩ በግልጽ ተዘርግቶ ስለነበር ነው። ሒሳቡ በስልክ ሆድ ውስጥ ቢሆንና ስልኩ «47» ቢለን ምን እንላለን? እንደ ጋይንቷ ልጅ ካርዳችንን ሰብስበን እንደገና እንደረድራለን።

ሕጉም እንደ ጠጠሩ ገሃድ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ «ላም ወለደች» የሚባለው ከእነዚሁ አንዱ ነው። ያ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ ብንል፣ ጉድጓዱን የቆፈሩ ልጆች ሕጉን ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ አንዳንዴም ተጣልተው ስለለወጡት ነው። በተዘጋ ፕሮግራም የሚመራ ጨዋታ ግን ሕጉን ለመለወጥ ቀርቶ ለማንበብም አይፈቅድም።

ኮምፒዩተር ለጠጠር ጨዋታዎች ያበረከተው ታላቅ አገልግሎት ምን እንደነበረ ማስታወስም ይጠቅማል። በአምስተርዳም የፍራይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል እ.ኤ.አ. በ2002 የገበጣ ዘመድ የሆነውንና እንደ እርሱ በ48 ጠጠር የሚጀመረውን አዋሪ የተባለ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ፈቱት። 144 ፕሮሰሰሮችን አቀናጅተው ሊፈጠሩ የሚችሉትን 889,063,398,406 አቀማመጦች አሰሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ጨዋታው በአቻነት እንደሚያልቅም አረጋገጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ ከገበታው ጎን ተቀምጦ አሰላ እንጂ የተጫዋቾቹን ቦታ አልወሰደም። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን በስልክ መጫወቻነት አዘጋጅቷል፤ መልካም ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ መሬቱም ጠጠሩም አሉና።

ተማሪዎቻችን የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሰሌዳ ምሥጢር መጠበቅ አይችልም፤ ስልክ ግን ሁለቱም ተጫዋቾች የማያውቁትን ነገር ይዞ ጥቂት በጥቂት ሊገልጥ ይችላል ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ እንዲያውም ተፈጥሮ ራሷ ከእኛ ጋር የምትጫወተው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «አልኬሚስትስ» የተባለ የቼክ ጨዋታ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ተጫዋቾች ቅመሞችን እየቀላቀሉ በስልክ ካሜራ ሲያሳዩ ስልኩ ውጤቱን ይነግራቸዋል፣ እነርሱም ከውጤቱ ተነሥተው የተሰወረውን ሕግ ይመረምራሉ። ነገር ግን የዚህ ጨዋታ አዘጋጆች አስተዋይ ነበሩ። ስልክ ለሌለው አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ የስልኩን ሥራ እንዲሠራ የሚያስችለውን ሰሌዳ በሳጥኑ ውስጥ ጨምረዋል። ከተማሪዎቻችን የምንጠይቀውም ከዚህ አይበልጥም።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም የሚል ነው። ለመጫኑስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለደብረ ታቦር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። መብራት ቢኖር፣ ኔትወርክ ቢኖር እንኳ ስልክ ዕድሜው አጭር ነው። የአፕል ስልኮች እ.ኤ.አ. በ2017 ከመጣው ለውጥ ወዲህ በቀድሞው የ32 ቢት አሠራር የተጻፉ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁመዋል። ከዚያም በፊት ተመሳሳይ ታሪክ ነበር፤ በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው «አትሞስፊር» የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ የሚመራው በቪዲዮ ካሴት ነበር፤ የካሴት ማጫወቻ ያመርት የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያም በ2016 ምርቱን አቆመ። ሳጥኑን ዛሬ የሚከፍት ሰው ሰሌዳውና ጠጠሩ ደኅና ናቸው፤ የሚናገረው ግን ዲዳ ሆኗል።

አንድ የማይመቸን ሐቅ ግን አለ፤ ልንሸሽገው አይገባም። ሰንጠረዥ ስልክም መብራትም ሳይጠይቅ ጠፍቶብናል። (ዛሬ በፋኩልቲያችን «ሰንጠረዥ» ቢባል ተማሪው ቀድሞ የሚያስበው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ነው።) በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒሳዊው ሠዓሊ ከቢቺኒ ጋር ይጫወቱት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ አዋቂ እንደነበሩ ይነገራል። ጨዋታው ከዛሬው ቼዝ የሚለየው በተለይ በአከፋፈቱ ነው። ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ «ወረራ» የሚባለው ምዕራፍ የሚያበቃው የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ነው። የሌላውን እጅ በዓይን እየተከተሉ የራስን ሠራዊት መደርደር ምን ያህል ፈጣን ልቡና እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ደብረ ታቦር ውስጥ ጠይቀን ወረራን የሚያውቅ ሽማግሌ አላጋጠመንም። ስለ አጨዋወቱ ልናውቅ ከቻልንባቸው ምንጮች አንዱ፣ መቀመጫቸው በዚህችው በደብረ ታቦር ወደነበረው ወደ ራስ ዓሊ የተላከው የእንግሊዝ ቆንስል ዎልተር ፕላውደን ጽፎት፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 የታተመው መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ በሰው ትውስታ ብቻ መታመንም አላዋጣንም። ወረራን የሚያስተምር የስልክ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ ቢመጣ ቀድመን የምናጨበጭበው እኛ ነን። ሆኖም ሰንጠረዥን ከ150 ዓመት በላይ ጠብቆ ያቆየው በወረቀት የተጻፈ ሕግ መሆኑን እርሱም እንዲያስተውል እንሻለን፤ ማንም አንብቦ፣ ጨርቅ ላይ መስመር አስምሮ ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል።

ተማሪዎቻችን ጨዋታቸውን እያሻሻሉ ነው። አሁን አምፖሉ መብራቱን የሚፈርደው ጣት ሆኗል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ከባትሪው አንድ ጫፍ አስነሥቶ፣ ሳያነሣ፣ በአምፖሉ በኩል አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ ከተመለሰ በራ። አምፖሉን ሳይነካ የሚመለስ አቋራጭ ሌላ መንገድ ካገኘ ዑደቱ ሾርት ሆኗልና ተራውን ያጣል። ስንት አምፔር እንደሚያልፍ የሚሰላው በወረቀት ነው፤ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ላይ ባለ 3 ኦምና ባለ 6 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ቢደረጉ አንድ አምፔር። ስልኩ የቀረው ለብቻው መለማመድ ለሚፈልግ ተማሪ ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ካርድ አለ፤ መጠኑ የተሰወረው ሬዚስተር። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ይህ ያለ ስልክ አይሆንም ይላል፤ እኛ ሦስተኛ ተጫዋች በታሸገ ፖስታ ይያዘው እንላለን። ወደ ጋይንት የሚላከው ሰሌዳ ግን ይህ እስኪወሰን አይጠብቅም፤ ዳማውም ከጀርባው እንዲታተምበት ተስማምተናል።