«የት ደረስክ?» ለሚል ደዋይ

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ በቀትርም መብራት ያስበራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ቦታ፣ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መኪና ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው ዋሻ ያልፋል፤ ወደ መንዝ የሚያቀናው ተገንጥሎ የመዘዞን መንገድ ይይዛል።

ስልክ የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው። «የት ደረስክ?» ይላል መዘዞ ዕቃውን የሚጠብቅ ነጋዴ። ሾፌሩ ስልኩን በጉንጩና በትከሻው መካከል ወትፎ፣ አንገቱን አጣሞ ይመልሳል። በዚያ በኩል ያለው ስፖኪዮ ከዓይኑ ወጥቷል፤ ማርሽ መቀየር ሲኖርበትም መሪውን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ነው። ንግግሩ አልቆ ስክሪኑን ለመዝጋት ጎንበስ ሲል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ከሆነ በ5 ሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ሳያይ ይጓዛል። በጉም ውስጥ ደግሞ ከፊት ያለው የአህያ ጭነት የሚታየው ከዚያ በጣም ባነሰ ርቀት ነው።

«ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌያለሁ፤ ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ነው» የሚሉ አሉ። ቶሮንቶ ውስጥ አደጋ የደረሰባቸውን 699 ባለ ሞባይል አሽከርካሪዎች የስልክ መዝገብ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በስልክ ማውራት የአደጋን ዕድል አራት እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ስልኩን በእጅ ሳይዙ ማውራትም የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እጅ ነፃ ቢሆንም ልብ ከወሬው ጋር ሄዷል።

ሕጉ አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ እያሽከረከሩ ሞባይል መጠቀምን ይከለክላል። ሾፌሩም ያውቀዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ስልኩን ጭኑ ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው። ግን በየኩርባው ትራፊክ ፖሊስ ማቆም አይቻልም።

ስለዚህ ጥያቄው ለደዋዩም ነው። ሾፌሩ መሪ ላይ እንዳለ እያወቀ፣ ስልኩ አልነሳ ሲለው ደጋግሞ ይደውላል።

ሾፌሩ የሚያነሳበት ምክንያት ቀላል አይደለም፤ ጭነቱ፣ ተሳፋሪው፣ መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ ሁሉም እንጀራው ነው። ይሁን እንጂ አጠገቡ ረዳት አለ። «የት ደረሳችሁ?» ለሚለው ረዳቱ ይመልስ፤ ሾፌሩ ራሱ መነጋገር ካለበት ዳር ይዞ ይቁም። የመዘዞ ነጋዴም የረዳቱን ቁጥር ይያዝ፤ መኪናው ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሳይነሳ ቁጥሩን መቀበል ይቻላል።

ተሳፋሪም ዝም ማለት የለበትም። ጋቢና የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ ስልኩን ለረዳቱ ስጠው» ቢሉ የሚቆጣ ሾፌር ይኖር ይሆናል፤ ከኋላ ያሉት «ልክ ናቸው» ብለው ካገዟቸው ግን ስልኩን መስጠቱ አይቀርም።