10 ከ10 ያመጣች ልጅ ማሲንቆ ነክታ አታውቅም

ባለፈው ሳምንት ልጄ የፈተና ወረቀቷን እያውለበለበች ከትምህርት ቤት መጣች። አራተኛ ክፍል ናት። ትምህርቱ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ይባላል፤ በእኛ ጊዜ ሙዚቃና ሥዕል እንለው የነበረው ነው። 10 ከ10። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጥያቄ «ማሲንቆ ስንት አውታር አለው?» ይላል። አንድ የሚለውን አክብባለች። ቀጥሎ ክራር፣ ቀጥሎ በገና። ስድስት፣ አሥር ብላ መልሳለች። ጎበዝ ብዬ ሳምኳትና እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ለመሆኑ የማሲንቆ ድምፅ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

አሰበች፣ አሰበችና «እሱን አልተማርንም፤ ሥዕሉን ግን ስለናል» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ ፖለቲካው ስንነጋገር ከርመን ዛሬ ስለ ክራርና ማሲንቆ ልጽፍ በመነሣቴ የምትገረሙ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

መምህሩን አልወቅስም። ሄጄ አነጋግሬዋለሁ። የሠለጠነው በሌላ ትምህርት ነው፤ ክፍለ ጊዜ ጎደለው ተብሎ ይህንን ደርበው ሰጡት። መጽሐፉን ያነባል፣ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ታጭቋል፤ በግቢው ውስጥ ግን አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለም። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? «እኔም ይዤው አላውቅም» አለኝ፣ እየሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ እንጦጦ አካባቢ የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ነበር። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና ሊቅ ወደ ሰፈሩ መጡ፤ ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤትም በገና ማስተማር ጀመሩ። ልጁ ወደደው፣ ተማረው። ያ ልጅ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው የበገና መምህር ዓለሙ አጋ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊ ነው። በኋላ ግን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት በገና አስተማሩ፤ ደርግ በ1972 ዓ.ም. ግድም የበገናውን ትምህርት እስኪያስቆመው ድረስ። የበገና ድርደራቸው ኢትዮፒክስ በተሰኘው የአልበም ተከታታይ 11ኛው ሆኖ ሲወጣ ፈረንጁ ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

ልብ በሉ፤ የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ አረጋዊ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አንድ ትምህርት ቤት መግባታቸው ነው። ማንም አለቃ ተሰማን «ዲግሪዎ የታለ?» አላላቸውም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ታሪካችንን ስንመለከት ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ከአውታር ጋር ሳይተዋወቅ ያደገ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ የሚነፉት የነሐስ መሣሪያ ነበር። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ መጣ። ማርሽ ሲመታ ተማሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክፋት የለውም፤ የምንወደው ወርቃማ ዘመን የሚባለው ሙዚቃ ከዚያ የተወለደ ነው። ነገር ግን መንግሥት «ሙዚቃ» ሲል የሚታየው ጥሩምባ ሆነ። ክራሩና ማሲንቆው በጠጅ ቤቱ፣ በገናው በየመኳንንቱ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ቀሩ። የትምህርት ቤቱን ደጃፍ የረገጡት ከስንት አንዴ ነው።

ደግሞ ንቀቱ አለ። እሱን ሳልናገር ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ የዘይት ቆርቆሮ ላይ እንጨት ሰክቼ፣ ከተበላሸ የብስክሌት ፍሬን ያወጣሁትን ሽቦ ወጥሬበት ክራር ሠርቼ ነበር። ድምፁ ክራር ይመስል ነበር ብዬ አልምልም። ሦስት ቀን ያህል ከጎረቤት ልጆች ጋር ስናንጫርረው ከረምን። በአራተኛው ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለሱ አገኙኝ። «አዝማሪ ልትሆን ነው ያስተማርኩህ?» አሉና በጫማቸው ረገጡት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰርግ ላይ ማሲንቆ ሲሰሙ እንባቸው ይመጣ ነበር፤ አዝማሪውንም በብር ይሸልማሉ። ልጃቸው እንዲይዘው ግን አይፈልጉም። ይህን ስጽፍ ስንቶቻችሁ የራሳችሁን አባት እንዳስታወሳችሁ ይገባኛል።

ይገርማል፣ ጣሊያን ከእኛ ይልቅ የአዝማሪን ክብደት ያወቀ ይመስለኛል። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲታደኑ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙት ነበሩበት። በአንድ ክር የሚነገር ወሬ በስንት መድፍ እንደማይቆም ገብቶታል።

አሁን «ዳቦ ሳይኖር ሙዚቃ» የሚለኝ አለ። በኮሜንት ሳትጽፉት እኔው ላንሣው። አዎ፣ መቀመጫ የሌለው ክፍል አለ። ሳይበላ የሚመጣ ልጅ አለ፤ በጦርነት የፈረሰ ትምህርት ቤት ገና ያልተጠገነበት አካባቢ አለ። እነዚህ ይቅደሙ። ግን ትምህርቱ እኮ አለ! መጽሐፍ ታትሞለታል፣ በሳምንቱ ሰሌዳ ክፍለ ጊዜ ተይዞለታል፣ ፈተና ይፈተኑበታል፣ ካርድ ላይ ውጤቱ ይሰፍራል። ወጪው ወጥቷል። የጎደለው ልጁ በእጁ የሚይዘው ነገር ነው።

እሱስ ምንድን ነው? ቫዮሊን ቢሆን እሺ፣ ከውጭ ይመጣል፣ ዶላር ይጠይቃል፣ አውታሩ ሲበጠስ ሌላ መከራ ነው። ማሲንቆ አራት እንጨት፣ ቆዳ፣ የፈረስ ጭራ ነው። ክራር ገበቴ ወይም ሣጥን፣ ቆዳ፣ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት። አውታሩ ድሮ ጅማትና አንጀት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ይወጥሩበታል። ቫዮሊን ሠሪዎች ለልጅ እጅ ብለው ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን እያሉ በየቁመቱ ይሠራሉ። የእኛስ አናጢ ለ10 ዓመት ልጅ የሚሆን አነስ ያለ ክራር ሥራ ቢባል ያቅተዋል? ድሮ «የእጅ ሥራ» የሚባል ትምህርት ነበር። ሰፌድ ስፉ እንባልና እናቶቻችን ከገበያ ገዝተው ይሰጡን ነበር፤ መምህሩም እያወቀ ማርክ ይሰጣል። ያንን ክፍለ ጊዜ ክራር ቢሠሩበት ኖሮ እላለሁ።

የቬንዝዌላን ነገር የሚያነሡልኝ ወዳጆች አሉ። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ በ1975 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ኤል ሲስቴማ የሚባለው፣ የድሃ ልጆችን በኦርኬስትራ የሚያሠለጥነው ፕሮግራም። ዛሬ በዓለም መድረክ የነገሠው ጉስታቮ ዱዳሜል ከዚያ የወጣ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ነቀፌታም አላጣውም፣ ሥርዓቱ እንደ ወታደር ቤት ነው የሚሉ አሉ። እኔን የሳበኝ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ትንንሾቹ እውነተኛውን ቫዮሊን ከመያዛቸው በፊት ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ከወረቀትና ከካርቶን ቫዮሊን ይሠራሉ። አያያዙን፣ አቋቋሙን፣ አከባበሩን በእሱ ይለምዳሉ። እነሱ የወረቀት ቫዮሊን የሚሠሩት እውነተኛው ውድ ስለሆነ ነው። እኛ እውነተኛውን ክራር በወረቀት ዋጋ ባይሆንም በአናጢ ዋጋ ማግኘት ስንችል ሥዕሉን እናስላለን።

ልጁ ምን ያተርፋል ለሚለኝ፣ እስቲ ማሲንቆ የያዘ ሰው እጅ ተመልከቱ። እንደ ጊታር ጣት የሚቀመጥበት ምልክት የለም። ጣቱ አውታሩን አየር ላይ ነው የሚነካው። ቦታውን የሚነግርህ ጆሮህ ብቻ ነው፤ በፀጉር ያህል ከሳትክ ራስህም ትሰማዋለህ፣ ጎረቤትህም ይሰማዋል። ስለዚህ ልጁ ራሱን ማዳመጥ ይለምዳል። ክራር ደግሞ ስድስቱ አውታር አምስት ድምፅ ነው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ የሚደግም ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ አውታሮቹን እንደገና መቃኘት አለብህ። እየጠበቅክ፣ እያላላህ፣ ከጓደኛህ ክራር ጋር እያመሳከርክ። አሥር ልጆች አሥር ክራር ይዘው አንድ ላይ ለመጫወት መጀመሪያ አንድ ቅኝት ላይ መስማማት አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ ዘጠኙ ይበላሻል። የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ገጽ ተጽፎበት ያልገባን ነገር ነው።

«የማን መሣሪያ ይግባ?» የሚለው ጥያቄም መምጣቱ አይቀርም፤ በዚህ አገር ያለ እሱ የሚነሣ ነገር የለም። መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ክራር መሰል መሣሪያ ከሰሜን እስከ ደቡብና ምዕራብ በልዩ ልዩ ስም አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአካባቢው ካለው ይጀምር፤ በአካባቢው የሚጫወተው ሰው ያስተምር። ዛሬ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ የሚያስተምሩ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የግል ማሠልጠኛዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በገናን ከመጥፋት ያተረፉት እነሱ ናቸው። ግን እዚያ የሚደርሰው የምእመኑ ልጅ ወይም የሚከፍል ወላጅ ያለው ነው። የሙስሊሙም የጴንጤውም፣ የጫማ ጠራጊውም የሐኪሙም ልጅ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

አስተማሪው ጋ ደረስን። ያሬድ በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ለአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ አይበቁም፣ መቼም አይበቁም። በየሰፈሩ ግን ማታ በባህል ምግብ ቤት ተጫውቶ ቀኑን ያለ ሥራ የሚውል ባለሙያ አለ። ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ አንድ አዛውንት አሉ። ማሲንቆ ከያዙ 40 ዓመት አልፏቸዋል። ፊደል የቆጠሩት በልጅነታቸው ጥቂት ነው፤ ግጥም ግን ቆመው ይፈጥራሉ። ልጄን ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። ቀስቷን አስያዟት፣ አንድ ጊዜ ሳበችው፣ ደነገጠች፣ ከዚያ እየሳቀች ደግማ ሳበችው። «ጋሼ፣ ለምን ትምህርት ቤታችን አይመጡም?» አለቻቸው። «ከጠሩኝማ ምን ከፋኝ፣ ልጄ» አሏት።

ርእሰ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሴት ናት፣ ሐሳቡን ወደደችው። «ሰርተፊኬት አላቸው?» አለች። የላቸውም አልኳት። በፈቃደኝነት ለማስገባት ከወረዳው ደብዳቤ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። ወረዳው ሄድኩ። ወረዳው ያለው ባለሙያ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሻይ ጋበዘኝ። «ደብዳቤውን በምን ዘርፍ እንጻፈው? የውጭ ሰው ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት መመሪያ የለንም፤ ለበዓል ዝግጅት ከሆነ ግን ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ» አለኝ። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን መጥተው እንዲጫወቱ ይፈቀዳል ማለት ነው፤ እንዲያስተምሩ አይፈቀድም። ሊጨፈርበት ይቻላል፣ ሊማሩት አይቻልም።

ትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ቢሮዎች ለዚህ አዲስ ሕንፃ መሥራት አይጠበቅባቸውም። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ በልምድ የተማረ ሰው በብቃት ምዘና ተፈትኖ ማረጋገጫ ያገኛል። ግንበኛው ያገኛል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ያገኛል። ማሲንቆ ተጫዋቹ በዚሁ መንገድ ተመዝኖ፣ ከልጆች ጋር እንዴት እንደሚሠራ አጭር ሥልጠና ወስዶ፣ በሰዓት እየተከፈለው ከመደበኛው መምህር ጎን ቢቆም ምን ይጎድላል? መምህሩ ክፍሉን ይመራል፣ ውጤት ይመዘግባል፤ ባለሙያው እጅ ያስይዛል። መሣሪያውን ወላጅ ኮሚቴው ቢያስብበት በአንድ ዓመት አሥር ክራር አይከብደውም፤ ለምርቃት ጋዋን የምናዋጣውን እናውቃለን።

አባቴ አሁን 81 ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ማሲንቆ እንደያዘች ስነግራቸው ቆጣ ይላሉ ብዬ ነበር። ዝም አሉ፣ ዝም አሉና «አስተማሪዋ ማን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እሱማ የድሮ ሰው ነው፣ ያውቃል» ብለው ወደ ሬዲዮናቸው ተመለሱ። ስለ ቆርቆሮዋ ክራር አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም።

ወረዳው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማክሰኞ ተመለስ» ብሎኛል። ማክሰኞ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዛውንቱን ይዤ እሄዳለሁ። ማሲንቆውንም ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ። የሆነውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።