ያልታየ ፍላሽ ሁሉ የሞተ አይደለም

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሰካ እንበል። ስክሪኑ ላይ ምንም ብቅ አላለም። ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ አሁንም የለም። አጠገቡ ያለው ሰው ምክር ለመስጠት አይዘገይም፦ «ፎርማት አድርገው!» ሌላው ይቀበላል፦ «ድሮም ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም።»

ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ምክር ግን የወራት ድካም በአንድ ደቂቃ የሚያጠፋ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው «ኮምፒውተሩ ፍላሹን አላወቀውም» ከሚለው አባባል ነው። በሊኑክስ ፍላሽን ማወቅ የአንድ ፕሮግራም ሥራ ሳይሆን ቅብብሎሽ ነው። መጀመሪያ ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት አንድ ነገር መሰካቱን ያያል፤ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ይጠራል። ዩዴቭ የተባለው ፕሮግራም መረጃውን ይመዘግብና ለሌሎቹ ያሳውቃል። ዩዲስክስ ደግሞ ፍላሹ ውስጥ ያለውን የፋይል አደረጃጀት ለይቶ ይከፍታል። በመጨረሻ ዴስክቶፑ ምስሉን ያሳያል። ከእነዚህ አንዱ ሲሰናከል ለተጠቃሚው የሚታየው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ባዶ ስክሪን። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ቅብብሎሹ የት ላይ ቆመ?» ተብሎ ነው።

መልሱን ማሽኑ ራሱ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ፍላሹን ሰክቶ ተርሚናል ላይ «ዲሜስግ» በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ማየት ይቻላል። አዲስ መስመር ካልተጻፈ ችግሩ ከሶፍትዌሩ በፊት ነው፦ የላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ በቂ ኃይል የማያደርስ ማከፋፈያ ወይም ፍላሹ ራሱ። በሌላ ቀዳዳና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ይለየዋል። እዚህ ላይ ሴቲንግ ሲበረብሩ መዋል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከርነሉ ዕቃውን አይቶ የዲስክ ስም ካልሰጠው ደግሞ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ሊሆን ይችላል። አርች ሊኑክስ የሚጠቀሙ ይህን በደንብ ያውቁታል። ከርነሉ ተሻሽሎ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካልተደረገ፣ እየሠራ ያለው አሮጌው ከርነል ነው፤ የእሱ ድራይቨሮች ግን ከዲስኩ ተነስተዋል። መድኃኒቱ አንድ ሪስታርት ብቻ ነው።

«ኤልኤስቢኤልኬ» የሚባለው ትእዛዝ ፍላሹን ከነመጠኑ ከዘረዘረው ደግሞ ፍላሹ አለ፤ የቀረው መክፈት ነው። ምናልባት አደረጃጀቱ ኤክስፋት ይሆናል። ማይክሮሶፍት የኤክስፋትን ዝርዝር ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ የሊኑክስ ከርነልም ድጋፉን መያዝ የጀመረው በዚያው ዓመት በወጣው 5.4 ነው። ከዚያ በፊት የተጫነ ሥርዓት ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋል። ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ደግሞ ፍላሽን በራሳቸው የሚከፍት ፕሮግራም ጨርሶ ላይኖራቸው ይችላል። መዝገቡ የንባብ ስህተት ደጋግሞ ካሳየ ግን ፍላሹ እየሞተ ስለሆነ፣ ከምንም በፊት የሚተርፈውን መገልበጥ ይቀድማል።

«ታዲያ ተራ ተጠቃሚ ይህን ሁሉ ማወቅ አለበት ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አይገባውም ነው። ጥፋቱ የዴስክቶፕ ሠሪዎቹ ነው። መረጃው ማሽኑ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ ተጠቃሚው ፊት ዝም ይላሉ። «ፍላሹ ተገኝቷል፤ ያለበትን የፋይል ዓይነት ግን መክፈት አልተቻለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ፋይል ከፎርማት ባተረፈ ነበር! ኮዱ ክፍት ስለሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለመጨመር የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም። «ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም» ለሚሉትም መልሱ እዚሁ ጋ ነው።

መፍትሔው የተሰካውን ሁሉ ያለጥያቄ ማስነሳትም አይደለም። ዊንዶውስ በዚያ መንገድ ሄዶ አይቶታል። በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ትል ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳው አሠራር ነበር። ማይክሮሶፍትም በ2011 በቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ይህን አሠራር በዝማኔ ገድቦታል። ኮምፒውተር የተሰካውን ማሳየት፣ ካልቻለም ለምን እንዳልቻለ መናገር ይበቃዋል።

እስከዚያው ድረስ ኃላፊነቱ ፍላሹን በያዘው ሰው ላይ ወድቋል። መዝገቡን ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፎርማት ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ እሱም በውስጡ የሚፈለግ ፋይል ለሌለው ፍላሽ ብቻ።