የደሴት ሌሊትና የልጆች ጧት

ሰው ከሥራው ዐርፎ ከቤተ ሰቡ ጋራ ቢደሰት ነውር የለበትም። ነገር ግን ዐብረው የሄዱ ኹሉ ዐብረው ዐረፉ አይባልም፤ አባትና እናት በሌሊት እየተደሰቱ ልጆቻቸው በቀን የሚያዝኑበት ዕረፍት አለና።

ይህም በዛንዚባር በግልጥ ይታያል። ዛንዚባር በታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፥ ቅርንፉድና ኮኮናት የሚበቅሉባት ሞቃት ደሴት ናት። ሰዎቿ ሰዓትን የሚቈጥሩት እንደ ኢትዮጵያ ሰዎች ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ የቀኑን ሰዓት ይጀምራሉ፥ ስትገባም የሌሊቱን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትገባባት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ጨለማው እንደ ወረደ እንግዶቹ በኹለት ይከፈላሉ። በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ በኬንድዋ፥ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን በባሕሩ ዳር እስከ ንጋት ድረስ ይዘፈናል። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄም ከበሮው የማይተኛበት ሌሊት አለ። ልጅ የሌለው ጐልማሳ ወደዚያ ቢሄድ ራሱ ያውቃል። ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት ግን በሆቴል አስተኝቷቸው ሌሊቱን በመጠጥና በዘፈን ቢያነጋ፥ ዕዳው የሚከፈለው ከልጆቹ ጧት ነው።

በፓጄ ባሕሩ በጐደለ ጊዜ ውሃው እጅግ ይርቃል፥ አሸዋውም ይገለጣል። በቀሩት ኵሬዎች ውስጥ የባሕር ኮከብና ትንንሽ ሸርጣኖች ይታያሉ። የመንደሩ ሴቶችም ወርደው የባሕር ሣር ይተክላሉ፤ ችካል ቸክለው፥ ገመድ ወጥረው፥ ሣሩን በገመዱ ላይ ያስራሉ፤ ባደገም ጊዜ አድርቀው ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች ይሸጡታል። ይህ ሥራ በደሴቲቱ የተስፋፋው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፥ ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ገንዘብ እንዲያገኙ አድርጓል። ባሕሩ ግን ሰውን አይጠብቅም፤ ስድስት ሰዓት ያህል ቈይቶ ሞልቶ ኹሉን ይሸፍናል።

ልጁ ማልዶ ተነሥቶ አባቱን ቢቀሰቅሰው «ቈይ» ይለዋል። ዳግመኛም ቢጠራው «ቈይ» ይለዋል። አባትዮው በቀትር ዐይኑን ሲገልጥ ኵሬዎቹ የሉም፥ ሴቶቹም ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ከዚህም የሚብስ አለ። ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ሰው በባሕር ዳር ልጅ ሊጠብቅ ቢቀመጥ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ውሃም ልጅን ለመውሰድ ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

ወላጆችስ አይደክማቸውምን? እነርሱም ደስታ አይገባቸውምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ ይገባቸዋል። አክስት ወይም አያት ዐብራ ሄዳ እንደ ሆነ ልጆቹን ለርሷ ትተው አንድ ማታ ለብቻቸው ቢወጡ ማንም አይነቅፋቸውም። ነገር ግን በየማታው እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ልጆቹን ያን ያህል ባሕር አሻግሮ ማምጣት ለምን አስፈለገ?

ደግሞም በዛንዚባር ለቤተ ሰብ ኹሉ የሚሆን ማታ አለ። በአሮጌው የድንጋይ ከተማ ፊት ለፊት፥ በባሕሩ ዳር፥ ፎሮዳኒ የሚባል የአትክልት ቦታ ይገኛል። ፀሐይ ልትገባ ስትል የከተማው ብላቴኖች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ወደ ባሕር ይዘላሉ፤ ሰዉም ቆሞ ያያቸዋል። ወዲያው ሻጮቹ ረጅም ነጭ ቆብ ደፍተው መብራት ያበራሉ። ዓሣ በእንጨት ተሰክቶ በፍም ላይ ይጠበሳል። ሸንኮራ አገዳ በመኪና ተጨምቆ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋራ ይቀርባል፤ ይህን የቀመሰ ሰው ጠላም ጠጅም አያምረውም። ስስ ሊጥ እንቍላልና ሥጋ ተጠቅልሎበት በብረት ምጣድ ይጋገራል፤ የዛንዚባር ፒዛ ይሉታል፥ የኢጣልያ ሰው ቢያየው ግን ፒዛ መሆኑን አያውቅለትም። ዋጋውን ሳይጠይቁ መብላት አይበጅም፤ ለእንግዳ ዋጋ መጨመር በየአገሩ አለና። የአገሩም ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚመጡ እንግዳውና ባለ አገሩ በአንድ ግንብ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ብዙዎቹም እስላሞች ስለ ሆኑ በዚያ መጠጥ አይሸጥም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ትንሹ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ያንቀላፋል፥ ኹሉም ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ። በማግሥቱ ማለዳ በታንኳ ወደ ቻንጉ ደሴት ይሻገራሉ። በዚያ ትልልቅ ኤሊዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ናቸው ይባላል። ልጆች ቅጠል ሲሰጧቸው አንገታቸውን አስረዝመው ይበላሉ። በጀርባቸውም ላይ ዕድሜያቸው በቀለም ተጽፏል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው አሉ። ንባብ የጀመረው ልጅ ቍጥሩን ጮኾ ያነባል፥ ከአያቱም ዕድሜ ጋራ ያስተያየዋል። አባቱም ነቅቶ በአጠገቡ ቆሟል።