መሬትን በአደራ ስለ መጠበቅ

እርሻ ከከተማ የተጎራበተ እንደሆነ የመሬቱ ዋጋ በሚሰጠው እህልና ወተት መለካቱ ይቀርና ሊሠራበት በሚችለው ቤት ብዛት መለካት ይጀምራል። ባላገሩም ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ቀን ሽያጭ ስለሚያገኝ፣ መሸጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ሲሸጥ የጎረቤቱ ማሳ በቤት ይከበባል፤ መኖ ሻጩና ወተት ሰብሳቢው ደንበኛ እያጡ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ሊሸጥ ያላሰበው ሰው ሳይወድ ይሸጣል። እንዲህ ሆኖ የባላገር መልክ በጠላት ወረራ ሳይሆን በየአንዳንዱ ሰው ፊርማ ይጠፋል።

ይህን ጥፋት ለመከላከል መሬትን በአደራ የሚጠብቁ ማኅበሮች መቋቋም ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖአል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ በ1895 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የተመሠረቱት ማኅበሮች ያማሩ ቦታዎችንና የታሪክ ሥፍራዎችን እየተረከቡ ለሕዝብ ጠብቀዋል። የእርሻን መሬት ለመጠበቅ ተብሎ በአሜሪካ መጀመሪያ የቆመው ማኅበር ግን በ1980 በካሊፎርኒያ በማሪን አውራጃ የተመሠረተው ነው።

የማሪን አውራጃ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚገኝ፣ በ1937 በተከፈተው በታላቁ ድልድይ ከከተማይቱ ጋር የተገናኘ አገር ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የከብት ማሰማሪያ በሆነው በምዕራቡ ክፍል ሰፊ መንገድና አዲስ ከተማ ለመሥራት ታስቦ ነበር። የአውራጃው ሹማምንት በሚቀጥሉት ዓመታት በእርሻው ቀበሌ በ60 ኤክር መሬት ላይ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሠራ ደነገጉ። ድንጋጌው መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በድምፅ ብልጫ የወጣ ደንብ በድምፅ ብልጫ ሊሻር ይችላል። ስለዚህ ላም አርቢዋ ወይዘሮ ኤለን ስትራውስና የዕፀዋት ሊቅ የሆኑት ወይዘሮ ፊሊስ ፌበር ማኅበሩን አቋቋሙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ መሬቱ መሬቱን እንደያዘ ይኖራል፤ ያርሳል፣ ያረባል፣ ያወርሳል፣ ይሸጣልም። ለማኅበሩ የሚሸጠው ወይም በስጦታ የሚሰጠው መሬቱን ሸንሽኖ ቤት የመሥራትን መብት ብቻ ነው። ውሉ በመዝገብ ስለሚጻፍ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ባለቤት ሁሉ ያስራል፤ ማኅበሩም ውሉ መጠበቁን በየጊዜው እየሄደ ይመለከታል። ባላገሩ ባገኘው ገንዘብ ዕዳውን ይከፍላል፣ በረቱን ያድሳል፣ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ድርሻቸውን ይሰጣል። በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ከ20 ሺሕ ሄክታር በላይ መሬት ተጠብቆአል።

የዛሬ ሰው የነገውን ሰው እጅ ሊያስር አይገባውም የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ነገሩ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ መሬቱ ሁሉ ከታሰረ ልጆች ጎጆ የሚቀልሱበት ሥፍራ ይጠባልና፣ ለመኖሪያ የሚሆነውን ቦታ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሆኖም መሬቱን ሸንሽኖ ቤት የሠራበትም ሰው የልጅ ልጆቹን እጅ አስሮአል፤ ድንጋይ የተነጠፈበት ማሳ ተመልሶ ሣር አያበቅልምና።

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ ስላልሆነ፣ የማሪን ውል እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። የነገሩ ሥር ግን ለአገሪቱ ባዕድ አይደለም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሕዝቡ ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፤ ቀኑ ሲደርስም ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ፈቃድ ይታጨዳል፤ ሥርዓቱም ከየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረ ነበር። መብቱ የቀደሙት አባቶች ዘር ለሆኑት ብቻ መሆኑ ጉድለቱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ምድሩም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ የአካባቢው ሰዎች ከየቀበሌያቸው ተመካክረው አዲስ ደንብ በማውጣት ጥበቃውን መለሱ፤ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።

እንግዲህ ከሁለቱም አገር የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። አዋጅ መሬትን ለመጠበቅ ይረዳል፤ በየቀኑ የሚጠብቃት ግን በላይዋ የሚኖር፣ ደንቡንም በገዛ ፈቃዱ ያወጣ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ሹማምንት ሕዝቡ ያቆመውን ሥርዓት በመዝገብ ሊያጸኑለት እንጂ በሌላ ሊተኩበት አይገባም፤ ጉድለት ያለበትም እንደሆነ ማረም እንጂ ማፍረስ አይበጅም። ካህናትም አደራ መብላት ገንዘብን በመካድ ብቻ የሚፈጸም እንዳይደለ ለሕዝቡ ቢያስተምሩ ይገባቸዋል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለው ተረት ለሳንቲም ብቻ የተነገረ አይደለም። ገና ያልተወለደ ልጅ ድርሻውን በሸንጎ ቆሞ ሊጠይቅ አይችልምና፣ የእርሱን ድርሻ የሚጠብቅለት ዛሬ በሕይወት ያለው ሰው ነው።