ዕዳ ሲዘገይ የሚናገር፣ ሲበላሽ ዝም የሚል ሶላር

የሶላር ፕሮጀክት ሲመረቅ ስንት ፓነል እንደተተከለና ስንት አባወራ እንደሚጠቀም ይነገረናል። ሪባን ተቆርጦ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን «ዛሬ ጠዋት ስንቱ እየሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ሰው ልከን እናጣራለን» ከሆነ፣ ያስተከልነው መብራት ሳይሆን ዕድል ነው።

ቴክኖሎጂው የለም እንዳይባል፣ አለ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ኤም-ኮፓ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዱቤ የሚሸጠው የቤት ሶላር ሲም ካርድ አለው። ገዢው በኤም-ፔሳ ጥቂት በጥቂት ይከፍላል። ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያው ከርቀት ይዘጋል። ነጋዴው ብድሩን መጠበቁ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው፣ ገንዘብ ሲዘገይ የሚናገር ሶላር መሥራት ከተቻለ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛው ሲበላሽ ዝም እንዲል መፍቀዳችን ነው።

እስቲ ከዋናው መስመር የራቀ አንድ ጤና ኬላ እናስብ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሲስተሙ ዓርብ ማታ ቢቆም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታውቀው ሰኞ ነው። ለወረዳ ትናገራለች፣ ወረዳ ለዞን ይጽፋል፣ ዞን ለክልል። በመጨረሻ ባለሙያ ሲደርስ የተቃጠለው አንድ ፊውዝ ሆኖ ይገኛል። ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይገኝና፣ መለዋወጫውን ስላልያዘ ተመልሶ ይሄዳል። እስከዚያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ከርቀት የሚከታተል መሣሪያ የሚያደርገው ተአምር አይደለም። የፓነሉን ቮልቴጅና ከረንት፣ የባትሪውን ሁኔታና የፀሐዩን ጥንካሬ ለክቶ ይልካል። ፀሐይ እያለ ኃይሉ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ከቀነሰ አቧራን መጠርጠር ነው። በአንዴ በከፊል ከወረደ አንድ መስመር ተቋርጧል። ቀን ሞልቶ ማታ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ባትሪው እያረጀ ነው። ባለሙያው ምን ይዞ እንደሚሄድ ሳይነሳ ያውቃል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

«ኔትወርክ የለም» ይባላል። ይህ መረጃ ቪዲዮ አይደለም፤ ጥቂት ቁጥር ነው፣ በአንድ ኤስኤምኤስ ይላካል። ኔትወርክ ሲጠፋ አስቀምጦ ሲመጣ ይልካል። «ውድ ነው» ይባላል። ለአንድ ፊውዝ መኪና በተደጋጋሚ መላክና የተበላሸ ክትባት መጣልስ በማን ሒሳብ ነው?

ከሁሉም የሚከብደው ሥጋት ሌላ ነው፦ መረጃውና ቁልፉ በውጭ አምራች ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ መብራታችንን ሌላ ሰው ሊያጠፋው ይችላል። እውነት ነው። ሊትዌኒያ በ2024 እ.ኤ.አ. የቻይና አምራቾች ትልልቅ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቿን ከርቀት እንዳይቆጣጠሩ በሕግ ከልክላለች። መፍትሔው ግን መታወር አይደለም። መረጃው እዚሁ ይቀመጥ፣ ማጥፊያው ቁልፍ በእኛ እጅ ይሁን።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 መብራት ለሁሉም ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 35 በመቶውን የጣለው ከዋናው መስመር ውጭ ባሉ አማራጮች ላይ ነበር፤ በዋናነትም በሶላር። ይህን ያህል ተስፋ የተጣለበት ነገር ሳይታይ አይተውም።

ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚወጣ ማንኛውም የሶላር ጨረታ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ከርቀት የሚታይ ይሁን። ሁለተኛ፣ የብልሽት መልእክቱ የሚደርሰው ኃላፊ በስም ይታወቅ፣ የመለዋወጫ በጀትም ይኑረው፤ ሰሚ የሌለው ማስጠንቀቂያ ጩኸት ብቻ ነውና። ሦስተኛ፣ የኮንትራክተሩ የመጨረሻ ክፍያ በተከለው ፓነል ብዛት ሳይሆን ሲስተሙ በሠራባቸው ቀናት ይታሰብ።

ይህን የሚቃወም ካለ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ብልሽቱ የዋስትና ጊዜው እስኪያልፍ ሳይታወቅ ቢቆይ የሚጠቀመው ማን ነው?